ማይክራፎናቸውን ሳያጠፉ ለጮኹት ርዕሰ መምህር

ክቡር ርዕሰ መምህራችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉሮሮዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር የተጠጋ፣ የዚያች ሰባተኛ ክፍል ያለች «ውሸታም» ልጅ አያት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ስህተቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላድርገው።

አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ ሲቀሩ እርስዎ ራስዎ ገብተው የቤት ሥራ ስላረሙ ይባረኩ። ሥራው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙና ከነምንጩ ፈልጎ ማምጣት ነበር። የእኔዋ «የል» የሚባለውን አመጣች፤ መጮኽ ማለት ነው። ድሮ ድሮ መዝፈን ከሚል ቃል ጋር ከአንድ ዘር እንደወጣ፣ በሌሊት የምትዘምር አንዲት ወፍም ያንኑ ዘር በስሟ ውስጥ እንደያዘች ጻፈች። እርስዎ ደግሞ ጩኸትና ዘፈን ምን አገናኛቸው፣ ከራስሽ ፈጥረሽ ነው ብለው ዜሮ አሸከሟት።

ሁለተኛ፣ ለጠዋት ሰልፍ አንገትዎ ላይ ያንጠለጠሉትን ማይክራፎን ሳያጠፉ ክፍል ስለገቡ እጥፍ አመሰግናለሁ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሳይቀር የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጠ። «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ያሳደገሽ?» ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። የእሷም ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ፦ «አያቴ ናት፣ ቲቸር።»

ይኸው፣ እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፣ «ዋሽቻለሁ» ብላ ካልፈረመች ሰኞ ለፈተና አትገባም አሉ። ልጅቷ ይኸው ሦስት ቀኗ፣ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን ዝም የማለት አመል ስለሌለኝ ጫማዬን አጥልቄ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ትልቁን መዝገበ ቃላት አውርዳ አነበበችልኝ። ልጄ ከጻፈችው አንድም አልተሳሳተም። የእንግሊዞች ጩኸት እንኳ ዘመድ አለው፤ የእርስዎ ከየት እንደመጣ ብጠይቃት ግን እሱ እዚህ የለም አለችኝ።

አትፈርምም። ሰኞ ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ እያለ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ «እሷ ልክ ነበረች፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ» ይበሉና ፈተናዋ ላይ ያስቀምጧት። ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ፤ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ እንሰማለን።

የጩኸትዎ ታማኝ አድማጭ፣ ለጉሮሮዎ ረጅም ዕድሜ የምለምን፣
ደንቆሮዋ አያት

ማስታወሻ፦ አንድ ቅጂ ለእናትዎ አድርሻለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። «ሲናገር በጆሮዬ ልስማው» አሉኝ። ሰኞ አብረን ስለምንመጣ ከፊት ሁለት ወንበር ያስቀምጡልን።