ንፋስ የፈራሽበት መስኮት

ውድ እማዬ፣

ነገሩ የተበላሸው አንቺ «እሺ፣ ውሰዱት» ያልሽ ጊዜ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሕንጻችን የባለቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሚስተር ፕሬስኮት ኤሲውን፣ ያን የገጠምኩልሽን የአየር ማቀዝቀዣ፣ ከመኝታ ቤትሽ መስኮት ሲያስነቅል፣ አንቺ አይብና ስፒናች የተጠቀለለበት ትኩስ ፒታ ቆርሰሽ አቀረብሽለት።

ደውለሽ የነገርሽኝ ደግሞ በኩራት ነው። «ሳልጣላ ጨረስኩት» አልሽኝ።

«እማዬ! ሐኪሙ ልብሽ ሙቀት አይችልም አላለም?»

«የሳራዬቮን ጦርነት ያለፈ ልብ የሴንት ሉዊስ የሐምሌ ሙቀት ያቅተዋል? ሰውየው፣ ማሽኑ ወድቆ መንገደኛ ይገድላል አለኝ። በእኔ መስኮት ሰው ይሙት?»

መጀመሪያ ስገጥመው የተጨቃጨቅነው ትዝ ይልሻል? «ንፋስ ይመታኛል! በዚህ ዕድሜዬ አንገተ ጠማማ ልታደርጊኝ ነው?» አልሽ። ከውጭ የብረት መደገፊያ አሰርኩለት። መስኮቱ ወደ ላይ እንዳይንሸራተት በብሎን አጠበቅኩት። ውሃው ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ ትንሽ አዘነበልኩት፤ ገመዱን ያለ ማራዘሚያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ቀሚሴን ጨብጠሽ ነበር፤ ማሽኑ ሳይሆን እኔ እንዳልወድቅ።

ሳምንት ሳይሞላ አንገትሽ ላይ ሻርፕ ጠምጥመሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ ያዝኩሽ።

«ዝም በይ፤ እየሞከርኩት ነው» አልሽኝ። ሳቄ እስኪያፍነኝ ሳቅኩ።

ሚስተር ፕሬስኮት ያስነቀለው ዕለት መልሼ ልገጥመው አስቤ ከሥራ እስክወጣ መሸ። ማሽኑ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። አንቺ አልጋሽ ላይ ነበርሽ። መስኮቱን ዘግተሽዋል፤ ንፋስ እንዳይመታሽ። ሻርፑን ግን አውልቀሽ ወለሉ ላይ ጥለሽዋል። ስነካሽ ገላሽ አሁንም ይፋጅ ነበር፤ ትንፋሽ ግን አልነበረሽም።

ከቀብርሽ በኋላ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሄድኩ።

«ሚስተር ፕሬስኮት፣ የላላው የትኛው ብሎን ነበር?»

«አዝራ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን የሕንጻው ገጽታም አለ። ቤት ገዢዎች ከመንገድ ሲያዩት…»

«ወድቆ ሰው ይገድላል ብለሃታል።»

«ለአሮጊት እንደዚያ ማስረዳት ይቀላል።»

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሁሉም ፒታሽን የበሉ ናቸው።

እማዬ፣ ከጎረቤት አለመጣላትን አስተምረሽኛል። ይህን አንዱን ትምህርትሽን መልሰሽ ውሰጂልኝ፤ አንቺን አሳጥቶኛል። ትናንት ኤሲውን በመስኮትሽ መልሼ ገጠምኩት። ብረቱን የሚፈትሽ፣ ብሎኑን የሚነቀንቅ ባለሙያ ይምጣ፤ በሬን እከፍትለታለሁ። ለሕንጻው መልክ ተጨንቆ «ለደኅንነታችሁ ነው» የሚለኝን ሰው ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ፒታም አልቆርስለትም።

ቀሚሷን የሚይዝላት ያጣችው ልጅሽ፣
አዝራ