ለጠላ የበቀለው ገብስ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ጠዋት በደጄ የቆጠርኋቸው፦ አሥራ አራት ሰው። ትናንት ዘጠኝ ነበሩ። ከአሥራ አራቱ አምስቱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ መቆም የማይችል ሽማግሌ። ሁሉም ከየካ በታች ካለው ሜዳ ዳገቱን የወጡ ናቸው። በሬዎቻቸው በበሽታው አልቀው መሬቱ ሳይታረስ ቀርቷል።

ከመካከላቸው ጫልቱን አወቅኋት። አምና ቅቤዋን ለእኔ ነበር የምትሸጠው፤ በዋጋ ተከራክራ የምታሸንፈኝ ሴት ናት። «ጌታው፣ ለምኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለመን ያሳዩኝ» አለችኝ። እንደ ድሮው እየቀለደች መሰለኝ። አልሳቅሁም። ልጇ አጠገቧ ተኝታለች፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው።

በቤቴ ያለው፦ አንድ የተከፈተ የገብስ ጉድጓድ፣ ግማሽ፤ የቤቱ ቀለብ ነው። አንድ ያልተከፈተ። ያልተከፈተውን የደፈንሁት ዋጋው እስኪወጣ ብዬ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ አልዋሽም። ከዚህ ሌላ ለገብርኤል ማኅበር ጠላ የተዘፈዘፈው ገብስ አለ። ጽዋው እኔ ቤት ስለሆነ በ19 ማኅበርተኛው ሁሉ ይመጣል። ብቅሉ በቅጠል ተሸፍኖ እየበቀለ ነው።

ለሽማግሌው የባቄላ ቆሎ በሁለት እጄ ሙሉ ሰጠሁት። ቆንጥሮ መስጠት ያስነውራል፤ ጠግቦ ይደር አልሁ።

ማክሰኞ 9

ሽማግሌው ሞተ። ቆሎውን በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሆዱን እንደያዘ ቀረ። በአንገቱ ማተብ አለ፤ ስሙን ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ካህኑ ለፍትሐቱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ቢሉ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ገብረ እግዚአብሔር ብለው ፈቱት።

ከቀብሩ በኋላ የነፍስ አባቴን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ የገደልሁት እኔ ነኝ?»

«የተራበ ሰው አንጀት እንደ ደረቀ ቁርበት ነው፤ ቀስ እያለ ካልራሰ ይቀደዳል። አላወቅህም።»

«እንግዲያ ባልሰጥ አይሻልም?»

ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ የምታለቅሰው ሰጥተህ ስለ ተሳሳትህ ነው? ወይስ ላለመስጠት ምክንያት እየፈለግህ ነው?»

ሁለቱም ነበረብኝ። በፍርድ ቀን ስለ በቅሎና ስለ አሞሌ ጨው አልጠየቅም፤ የምጠየቀውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን ጥያቄው ደጄ ላይ ተቀምጦ አላየሁትም ነበር።

ረቡዕ 10

ሃያ አንድ። የጫልቱ ልጅ ዳቦ ማላመጥ አቃታት፤ በጉንጯ ይዛው ቀረች። እንደ ሽማግሌው እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። ከደጅ እስከ ጓዳ ስንቴ እንደ ተመላለስሁ አላውቅም።

ባለቤቴ አስካለ ብቅሉን ገልጣ አየችው። ነጭ ሥር አውጥቷል።

«አራስን በምን እንጠግናለን?» አለችኝ።

«በአጥሚት።»

«እነዚህስ ከአራስ በምን ይሻላሉ? ብቅሉ ተፈጭቶ አጥሚት ይሁን። ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል።»

«አንቺ ሴት፣ የገብርኤል ነው እኮ!»

«ገብርኤል ጠላ አምሮት ያውቃል?»

ሂሳቡን በልቤ አሰላሁት። የበቀለ ገብስ ወደ ጉድጓድ አይመለስም። አንድም ይጠመቃል፣ አንድም ዛሬ ደርቆ ይፈጫል። ጠላው ከቀረ ማኅበሩ ይቀጣኛል፤ ምናልባትም ያስወጣኛል። ነጋዴ የሚኖረው በስሙ ነው። ጽዋ ያስነወረ ሰው ከተባልሁ ማን አምኖ ጭነቱን ይሰጠኛል?

ቀትር ላይ «አስጪው» አልኋት።

ሐሙስ 11

ብቅሉ ተቆልቶ ተፈጨ። አጥሚቱ ቀጭን፣ ጨው ትንሽ። ለአንድ ሰው አንዲት ትንሽ ዋንጫ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚህ በላይ ቢያለቅሱም አይሰጥም ብዬአለሁ።

ጫልቱ ገብታ መጁን ከገረዲቱ ቀማቻት። «ለልመናው ሰነፍ ነኝ፤ ለወፍጮው ግን አልታማም።»

ልጅቷ የመጀመሪያውን አስመለሰችው። ሁለተኛው ረጋላት። እያንዳንዱ ሰው ሲውጥ ጉሮሮውን አያለሁ። እስካሁን የሞተ የለም። የብቅሉ ዱቄት ግን ቢበዛ እስከ እሑድ ነው።

ወሬው ወርዷል። የማኅበራችን አለቃ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ባሻ ወልዴ፣ ነገ ከየካ እንደሚመጡ ልከዋል።

ዓርብ 12

ሃያ ስድስት። ባሻ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ጀመሩ።

«የገብርኤልን ጠላ አጥሚት አደረግኸው አሉ? መልአኩን አራስ ቤት አስገባኸው በለኛ!»

«ይግቡ ባሻ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም። በ19 ጽዋው ውስጥ ምን ልትቀዳ ነው?»

«አጥሚት።»

«አባቶቻችን የጠጡበት ጽዋ!»

«ቅጣቴን ይንገሩኝ፤ አልከራከርም።»

«አንተ? አንተ የማትከራከር?» ብለው ወረዱ። በደጅ የተቀመጡትን አልፈው ሊገቡ ሲሉ የጫልቱ ልጅ መንገዱ ላይ ነበረች፤ ዋንጫዋን በሁለት እጇ ይዛ። ትልቅ ሰው ከፊቷ መቆሙን ስታይ እናቷ እንዳስተማረቻት ዋንጫዋን ወደ ላይ ዘረጋችና «እንብላ» አለቻቸው።

ከዋንጫው የቀረው ሁለት ጉንጭ ቢሆን ነው።

ባሻ «ብዪ፣ ይባርክልሽ» ማለት ነበረባቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉና ወደ በቅሏቸው ተመለሱ።

ኮርቻው ላይ ሆነው ነው የተናገሩት። «ሁለት አህያ ላክ። ገብስ አለኝ። ስለ ጽዋው ግን በ19 በማኅበሩ ፊት ትጠየቃለህ፤ እኔ ብቻዬን አይደለሁም የምፈርደው።»

ምን እንደሚፈርዱ አላውቅም። የራሴን ጉድጓድ ደፍኜ የሰው ገብስ ላስጭን መሆኔ ደግሞ አሁን ገና ታየኝ።

ነገ ማለዳ፦ የተደፈነው ጉድጓድ ይከፈት። ሁለቱ አህዮች ባሻ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ወደ የካ ይውረዱ። ሲመለሱ አንድ ትልቅ ማሰሮ ይምጣ፤ የእኛው ተሰንጥቋል።