በዘንግ የተሳሉ አሥራ ሁለት ሰንጢዎች

ውድ አባዬ፣

ወገብህ እንዴት ነው? ወንድሜ ቤት ሶፋ ላይ ጋደም ብለህ ይህን እያነበብክ ከሆነ ቀና በል። ተኝቶ የሚነበብ ደብዳቤ አይደለም። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ አንተ ግን በስልክ አታስጨርስም፤ "እሺ፣ እሺ፣ ደህና ሁኚ" ብለህ ትዘጋዋለህ። አሁን የት ታመልጠኛለህ?

የሄድክ ቀን ያልከኝን አልረሳሁም። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሞክሪ። የችግኝ ጣቢያዋ እትዬ በሥራሽ ካልተደሰቱ ሱቁን ለአጎትሽ ልጅ አስረክባለሁ።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰንጢያቸውን የሳልክላቸው፣ ፍራፍሬ የሚያዳቅሉት ሴትዮ። አንዱን ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር አጋጥመው ሲያስሩ ቆረጣው ለጥ ያለ ካልሆነ ችግኙ ይደርቅባቸዋል። ከእሳቸው የባሰ ፈታኝ እንደሌለ እያወቅክ ነው የሰጠኸኝ።

እጄ እንደሚንቀጠቀጥም ታውቃለህ። ከዚያ የልጅነት ትኩሳት ወዲህ ቀኝ እጄ ሙሉ ሻይ አያደርስም። ሰንጢውን በእጄ ይዤ ድንጋይ ላይ ስስል ጠርዙ እንደ መጋዝ ይወጣ ነበር። ለዚህ ነው ያንን መሣሪያ የገዛሁት። ሰንጢውን በመያዣው ጥርቅም አድርጎ ይነክሳል፣ ድንጋዩ ደግሞ ዘንግ ላይ ታስሮ በተለካለት ማዕዘን ብቻ ይመላለሳል። እጄ የፈለገውን ያህል ቢንቀጠቀጥ ዘንጉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንተ ስታየው ምን አልክ? "ምርኩዝ ይዞ ሩጫ!" ከት ብለህ ሳቅክ። የአጎቴም ልጅ አብሮህ ሳቀ። አባዬ፣ ያ ሳቅ አንጀቴ ድረስ ነበር የገባው። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

መጀመሪያ ሦስት ሳልኩላቸው። መስታወት አስመሰልኳቸውና ደረቴን ነፍቼ ላክሁ። በማግስቱ ራሳቸው ይዘዋቸው መጡ። "የኔ ልጅ፣ ፀጉሬን እያየሁ ላበጥርበት ነው ወይስ ቅርንጫፍ ልቆርጥበት?" አሉኝ። ሰንጢዎቹ ቅርንጫፉን አኝከውት እንጂ አልቆረጡትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "እነዚህን ከቀሩት ዘጠኝ ጋር ልተውልሽ። ዓርብ እመለሳለሁ፤ ያኔም እንዲህ ከሆነ ለአባትሽ እደውላለሁ" ብለው ሄዱ። የአጎቴ ልጅ ቀድሟቸው ነግሮህ ኖሮ ወዲያው ደወልክ። "አላልኩሽም?" አልክና ዘጋኸው።

ስልኩን እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ቆመህ ሰንጢ ወደ ብርሃን ቀና አድርገህ የምታየው ነገር ትዝ አለኝ። "ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ካየሽ ዱልዱም ነው። ስል ጠርዝ አይታይም" ትለኝ ነበር። እኔም አንዱን ይዤ ብቆም፣ ጉድ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ፀጉር የምታክል ነጭ መስመር። ጠርዙን በጥቁር ማርከር ቀባሁና ዘንጉን አመላለስኩ። በሻካራው ድንጋይ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። እንደገና ቀብቼ ወደ ለስላሳው ስቀይር ግን የለቀቀው ከጠርዙ ኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥቁሩ ቁጭ ብሏል። ለካ ድንጋዮቹ እኩል አይወፍሩም! ለስላሳው ወፍራም ስለሆነ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ማዕዘኑን ያበላሻል። እኔ ሞኟ አንዴ ለክቼ ሁሉንም ድንጋይ በዚያው ስገፋ፣ ኋላውን ሳብለጨልጭ ከረምኩ እንጂ ጠርዙን አልነካሁትም። ብቻዬን እየሳቅሁ ሱቁን ዞርኩት። አባዬ፣ እጅህን አልወረስኩም፣ ዓይንህን ግን ወርሼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋይ በቀየርኩ ቁጥር እንደገና ለካሁ፣ ቀባሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ አየሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የምትለው አንተው አይደለህ?

ዓርብ መጡ። የአጎቴ ልጅ "እስቲ ጉዱን ልይ" ብሎ በሩ ላይ ተገትሯል። እትዬ ከቦርሳቸው አንድ ጭብጥ ቅርንጫፍ አወጡ፣ እጃቸው የገባውን ሰንጢ አነሱና አንዴ ሸርተት አደረጉት። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የተቆረጠውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሁለተኛውን ሰንጢ አነሱ። ሦስተኛውን። አሥራ ሁለቱንም ሞከሩ።

"ማነው የሳለው?"

"እኔ ነኝ።"

"ብቻሽን?"

"ከዘንጉ ጋር" አልኳቸው። መዋሸት አልፈለግሁም።

"ዘንግማ ማንም ይገዛል። መጥረቢያስ ብቻውን እንጨት ይፈልጣል እንዴ?" አሉና ሰንጢዎቹን በጨርቅ ጠቀለሉ። "አባትሽ እንግዲህ ሲመጣ ለሥራ ሳይሆን ለሰላምታ ይምጣ።"

የአጎቴ ልጅ ምን እንዳደረገ ልንገርህ? የራሱን ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ሲመችሽ" ብሎኝ ወጣ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ኋላ ግን እሱንም አልኩት።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ከመሄድህ በፊት ለእማዬ "ልጄን የሰው መሳቂያ አላደርጋትም" ስትላት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቼሃለሁ። ፈርተህልኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህ አልተቀየምኩህም። አሁን ግን ይብቃህ፣ አትፍራልኝ።

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እኔ አልጠብቅም፤ ሱቁ የኔ ነው። ወገብህ ሲሻልህ ና። ወንበር ገዝቼልሃለሁ፣ ያውም ባለ ትራስ። ያስቀመጥኩት ግን በደንበኞቹ በኩል ነው።

የምትወድህ ልጅህ፣
የሱቁ ሞራጅ