ኦሪጅናሉን ሸክላ ፎርጂድ ብላችሁ ለወሰናችሁ

ለተከበሩ አቶ ታዴዎስ
የ«ትናንትን በዛሬ» ኤግዚቢሽን የቅርስ መለያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሆሳዕና

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ የጓሮው እንሰት ሁሉ ደህና? በተለይ ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ ብዙ ስላልተጠቀሙበት ገና አዲስ ነው።

ሦስት ማመልከቻ በእጄ አምጥቼ ሦስቱም መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ ስለጠፉ ይህችን አራተኛዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፌያታለሁ። እዚያ እንኳን የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

ሆሴዕ ሽብሩ እባላለሁ። መናኸሪያው ጀርባ ስፒከርና ቴፕ እጠግናለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት፤ የዘፈን ሸክላ በማወቅ ግን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ጉራ አይደለም፣ የሚደርስብኝ ካለ ይምጣና እንተያይ። ሰዉ ጌታን ሲቀበል «ዓለማዊ ነው» ብሎ ቆጥ ላይ የወረወረውን ሸክላ ከአንጋጫ፣ ከዳምቦያ፣ ከሀቢቾ እየለመንኩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳር ዳሩን በጣቴ ዳብሼ ብቻ ኦሪጅናሉን ከፎርጂዱ እለያለሁ።

«የቆየ ዕቃ ያላችሁ አውሱን» ስትሉ፣ ካሉኝ ሁሉ የምሳሳላትን አንዲት ሸክላ፣ በሀዲይኛ የተዘፈነችውን፣ አመጣሁላችሁ። በአስረኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። «ቅጂ ሆኖ ስለተገኘ ከማያገለግሉ ንብረቶች ጋር ሐሙስ እንዲወገድ ተወስኗል» ይላል። በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የዚችኑ ሸክላ ፎርጂድ፣ ባለሱቁ ዳኘ ያዋሳችሁን፣ ቀይ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስተኝታችሁታል። ያንን ፎርጂድ ለዳኘ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ ፎርጂድ ነው፣ ለግድግዳ ጌጥ ይሆንሃል ብዬ።

ስለዚህ በታላቅ ትህትና አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ኮሚቴው የኔን «ጥቀርሻ አለው፣ በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፣ ባርኮድ የለውም» ብሎ ጣለው። የዳኘን «ንጹህ ነው፣ ባርኮድ ስላለው ሕጋዊ ነው» ብሎ አጸደቀው። ምርምራችሁን አደንቃለሁ። ሸክላዋ የታተመችው ደርግ በገባ ሰሞን ነው። ያኔ የኛ አገር ሱቅ ባርኮድ የሚያነብ ማሽን ነበረው ካላችሁ፣ ማሽኑን ፈልጉና መስታወት ውስጥ አስገቡት፤ ከሸክላዋ የበለጠ ቅርስ እሱ ነው። ጥቀርሻው የጎጆ ቤት ጭስ ነው፤ አርባ ዓመት ቆጥ ላይ የተቀመጠ ነገር ሽቶ ሽቶ አይልም። እስክርቢቶው የድሮ ባለቤቷ ስም ነው፤ ሸክላ ለሰርግ ሲዋስ እንዳይለወጥ ስም ይጻፍበት ነበር። ሰውየው እናንተን ሳያውቅ ነው እንዲህ የተጠነቀቀው።

2ኛ. ዘፈኑ አልቆ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ጋ ሳይደረስ መስመር የሌለው ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ በኔዋ ፋብሪካው የጫረው ቁጥር አለ፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው። የዳኘ እንደ ሳህን ልሙጥ ነው። ይህን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፣ ወደ መስኮት ዞር ማድረግ ይበቃል። መስኮቱ ደግሞ ከወንበርዎ ጀርባ ነው።

3ኛ. ፎርጂዱን ያተሙት ሰዎች የቀዱት ካረጀ ሸክላ ላይ ነው። አንዲት ጭረት ሳይኖረው ቋ ቋ የሚለው ለዚህ ነው፤ የሌላ ሸክላ ቁስል ነው የምትሰሙት። እሱስ ይሁን። መጨረሻውን ግን ቆርጠውታል። ዘፈኑ ሊያበቃ ሲል ሙዚቃው ጸጥ ይልና ከተቀባዮቹ አንዱ ብቻውን የሚላት አንዲት ስንኝ አለች። እሱ አጎቴ ጠና ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አዲስ አበባ ሄዶ በዚህች አንዲት ሸክላ ላይ ተቀርጾ በዓመቱ ሞተ። ፎቶ እንኳን የለውም። ፎርጂዱ ላይ ጠና የለም።

እናቴን ገነቴን ያውቋታል፤ ባለፈው ሳምንት ሸክላችንን መልሱልን ልንል ቢሮዎ ይዣት መጥቼ ነበር። የመዘምራን ሰው ናት፣ ዘፈን ከቤቷ ካወጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ያቺን ሸክላ ስከፍት ግን ወንፊት የምትፈልግ መስላ ክፍሌ በር ላይ ትቆማለች። ስቀልድባት «አንተ ዝም በል፣ እኔ ዘፈን አይደለም የምሰማው፣ ወንድሜን ነው» ትለኛለች። እርስዎም ያን ቀን ቢሮዎ «እናቴ፣ የዳኘን ይስሙት፣ ያው አንድ ነው» ብለው በክብር ወደ አዳራሹ ሸኟት። ከዳኘ ሸክላ ቀድታችሁ የምታሰሙበትን ማዳመጫ አድርጋ እስከ መጨረሻው ቆመች። ካለቀም በኋላ ቆመች። የአዳራሹ አስተናጋጅ ትርፊት «እማማ፣ አልቋል እኮ» ስትላት «ጠና ሳይገባ እንዴት ያልቃል?» አለቻት። ስለ መስተንግዶው ቤተሰባችን ምስጋናውን ያቀርባል።

4ኛ. አታገለግልም ካላችሁ በኋላ የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ጽፋችሁባታል፣ እላይዋ ላይ፣ መስመሩ ላይ። ልትጥሏት ነው የመዘገባችኋት ማለት ነው። ደግነቱ ጠና በሌለበት በጀርባዋ ነው። አሁን ቁጥር ስላላት የመንግሥት ናት፣ ለመመለስ ሌላ ኮሚቴ መቋቋም አለበት ተባልኩ። አጎቴ የቢሮ ወንበር መሆኑን እስከዛሬ አላወቅኩም ነበር።

«ለምን በስልክህ አልቀዳኸውም?» የሚሉኝ አሉ። ኦሪጅናሉ እያለኝ ኮፒ ምን ይሠራልኛል እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ። እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ በእናንተ ላይ አልደርበውም። ድምፁ ያለው እዚያች ሸክላ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የምታስወግዱት ነገር ሳይጫን፣ ማጫወቻዬን፣ ባትሪዬንና እናቴን ይዤ በራችሁ ላይ እገኛለሁ። ሁለቱንም ሸክላ አውጡና አንድ በአንድ እናጫውት። ጠና የገባበትን እኔ እወስዳለሁ፤ ቋ ቋ የሚለውን ወደ ቀይ ጨርቁ መልሱት፣ ማንም አይነካባችሁም።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባው አጭር ሰዓት እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ግን መሬት ሳልነካ፣ እጅ የምነሳ

ሆሴዕ ሽብሩ
የሸክላ ሐኪም፣ ከመናኸሪያ ጀርባ

ሳልረሳው፦ ትናንት ዳኘን አግኝቼ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። «ሰውዬ፣ እኔ ሳስረክብ ደረሰኙ ላይ በእጄ ፎርጂድ ነው ብዬ ጽፌላቸዋለሁ» አለኝና እጁ ላይ የቀረውን የደረሰኙን ኮፒ አሳየኝ። ከጽሑፉ ሥር የእርስዎ ፊርማ አለ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ሸክላ መስማት የኔ ሙያ ነው፣ አይፈረድብዎትም፤ ወረቀት ማንበብ ግን የእርስዎ መስሎኝ ነበር።