ረቡዕ ዕለት ያጠፋሁት መስመር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለልዎ ወይ? እማዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤናዬ ሙሉ ነው። ረቡዕ ዕለት በስልክ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምተው ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኩዎ። ጉንፋን አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

እንደሚያውቁት ቬስትኤንድ በሚባለው ሰፈር ባለ ቢሮ የኮምፒውተር ሥራ እያሠሩ ያስተምሩኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት ካሰናበቱኝ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። ረቡዕ ጠዋት አለቃዬ ፍራው ዛይደል (ፍራው እዚህ ወይዘሮ ማለት ነው) ቀላል ሥራ ሰጠችኝ። ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ስንጽፍለት ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ቦታዎች በአንድ መስመር የተጻፉበት ዝርዝር አለው፤ ፓዝ ይሉታል። እዚያ ላይ አንድ አዲስ ቦታ ጨምሪ አለችኝ። እኔ የቀድሞዎቹን ትቼ አዲሱን ብቻ ጻፍኩና አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ሁሉ «አልተገኘም» ይለኝ ጀመር። የጻፍኩትን ላርም ብል፣ አልተገኘም። ዘግቼ እንደገና ገባሁ፤ ያው ነው። ሁሉን ነገር የደመሰስኩ መሰለኝ። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለሦስት የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የመድኃኒት ዝርዝር ይልካል። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ክኒናቸውን ሲጠብቁ ታየኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

በመጨረሻ ወጥቼ ለፍራው ዛይደል ነገርኳት። አልጮኸችም። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ትእዛዙን ፕሮግራሙ ካለበት ሙሉ አድራሻ ጋር ጻፈችው፤ ሠራ! ለካስ አንዱም ፕሮግራም አልጠፋም፤ ኮምፒውተሩ የት እንደሚፈልጋቸው ነው ያሳጣሁት። የቀድሞዎቹን ቦታዎች መለሰች። የመድኃኒቱ ዝርዝር አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ሄደ፤ ለመጦሪያ ቤቶቹ ስትደውልም ማንም አልተጎዳም አሏት።

ከዚያ «ሳትነግሪኝ ስንት ጊዜ ቆየሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ደቂቃ አልኳት። «ስህተቱን እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ። ያስፈራኝ ሃያ ደቂቃ ዝም ማለትሽ ነው» አለችኝ። አባዬ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእትዬ ገላነሽ ጉርብትናዋ አይለየን በሉልኝ። ዘመናይ ለፈተናዋ ትበርታ፤ ገሰሰን ጉንጩን ሳሙልኝ። የእማዬን እጅ ስሜያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ራሕዋም ሰላም ብላችኋለች።

ፍራው ዛይደል አላባረረችኝም። ሰኞ ግን ያንኑ መስመር አዲሱን ቦታ ጨምሬ እንደገና የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሷም «አጠገብሽ አልቆምም» ብላኛለች። ጸልዩልኝ።

ልጅዎ ሕሊና
ጻይልስሃይም፣ ፍራንክፈርት
ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.