ዲናሞ ለማስቀየር የወጣ ወጪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

«ዛሬ ያንን ሰውዬ ካልገደልኩ ሰው አይደለሁም!»

ከግድግዳው ወዲያ። የእህቴ ባል ድምፅ። እንዳለው ተቀበልኩት፤ ሰው ሐሳቡን እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር የማላምንበት ምክንያት የለኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ትልቁን ቢላዋ ወሰድኩ፣ ክፍሌ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ኋላ ደበቅኩት። እህቴ ቢላዋዋን አጥታ ቤቱን ስታምስ አረፈደች። ሽንኩርቱን በመጨረሻ በመቀስ ቆራረጠችው።

የሚገደለው ሰውዬ መካኒኩ ነው። ሰፈሩ «አባ ጸጥታ» ይለዋል፣ ስለማይናገር። ዛሬ ከአፉ የወጣው ሁለት ቃል ነው፤ «ዲናሞው ሞቷል።» አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ የሚነዳት ታክሲ ስትሄድ ባትሪዋን የሚሞላው ዕቃ ማለት ነው። ከዚያ የአዲሱን ዋጋ ካርቶን ላይ ጻፈለት። የአንድ ወር ገቢ! ሦስታችንም የምንበላው ከዚያች ታክሲ ነው። የቤተ መጻሕፍት ደሞዜ እንኳን እኔን ጫማዬንም አያኖርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ማንም አልሞተም። አባ ጸጥታ ያገለገለ ዲናሞ በግማሽ ዋጋ አስገባለት። አማቼ እየሳቀ መጣ። ወዲያው ግን ጥርጣሬ ያዘው።

«ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ሰውዬው እንዳላጭበረበረኝ በምን ልወቅ?»

እዚህ ቤት መኖር ከጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ... ከመደርደሪያዬ የመኪና ጥገና መጽሐፍ አወጣሁ። ገጽ 112፤ ሞተሩን አስነሣ፣ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ ንቀል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው።

ግቢ ውስጥ ነቀልነው። አልጠፋም። አማቼ ግንባሬን ሳመኝ። ቀኑን ሙሉ ግንባሬን አልታጠብኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ባትሪው እንደማይሞላ የሚያሳየው ቀይ መብራት ሐሙስ እንደገና በራ። አማቼ የታክሲዋን በር በእርግጫ አጎደጎደው። «በሩ ምን በደለህ?» አለችው እህቴ። እሷንም ገፈተራት፤ ክርኗ ተላጠ። ያላየሁ ለመምሰል አንድ ገጽ ገለጥኩ።

አባ ጸጥታ ያለ ምንም ክፍያ ሌላ ቀየረለት። ቤት ስንደርስ ገጽ 112ን ደገምነው። ጤነኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ታክሲዋ ድልድይ ላይ ቀጥ አለች። ተሳፋሪዎች አማቼን ሰደቡት፣ እሱም አንዱን ኮሌታውን ይዞ አወረደው። ገፍተን ጋራዥ አደረስናት፤ እኔም አብሬ።

አባ ጸጥታ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ነካካ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሰማሁት።

«የኔ ዕቃ ደህና ነበር። ቤት ወስደህ ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ሌባው አንተ፣ የምጠየቀው እኔ?»

አማቼ ትልቁን የብረት መፍቻ ከመሬት አነሣ። አባ ጸጥታ ፊቱን በቀኝ እጁ ከለለ። ብረቱ እጁ ላይ አረፈ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ። በግራው አማቼን አፉ ላይ መታው፣ ጥርስ ዘይት ውስጥ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ለመገላገል ገባሁ። አንዱን ከኋላው ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት።

የያዝኩት አባ ጸጥታን ነበር።

አማቼ የተያዘ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ደገመበት። እዚያው ቦታ፣ እጁ ላይ። ሰውየው ደረቴ ላይ እንደተደገፈ ሰውነቱ ሲዝለፈለፍ ተሰማኝ። አልጮኸም። ስሙን ያወጡለት አልተሳሳቱም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አማቼ እስር ቤት። ሁለት ጥርስ የለውም። የአባ ጸጥታ ሦስት ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም ብሏል ሐኪሙ። ቡሎን በምን ሊይዝ ነው?

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችኝ እህቴ።

«ስገላግል።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጠዋት የመካኒኩ ሚስት በራችን ላይ ቆመች። «የሰው እጅ በላችሁ! ጥገቡ!» የወረወረችው ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ የእህቴን ቅንድብ ፈነከተ። ኋላ ሐኪም ቤት አራት ቦታ ተሰፋ። እህቴ የሴትየዋን ፀጉር ልትነጭ ደሟ እየፈሰሰ ሮጠች። እኔ መስታወት ጠረግኩ። መገላገል ትቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

እህቴ ታክሲዋን ለሌላ ሾፌር ልታከራያት ፈለገች። የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሴት አመጣን። ዲናሞውን ፈታ አሸተተችው።

«ይሄ በራሱ አልሞተም፣ ተገድሎ ነው። ሞተር እየሠራ ባትሪ የነቀለው ማነው?»

«እና ቢነቀልስ?» አልኳት።

«የጥንቶቹ ይችሉት ነበር፣ አባቴ። የዛሬዎቹን ያቃጥላቸዋል። አንዳንዱ ወዲያው፣ አንዳንዱ በማግስቱ።»

«ያ ሌባ ነዋ የነቀለው!» አለች እህቴ። «አየህ? የሚመጣው ሰኞ ችሎት ላይ ይቺኑ ትመሰክራለህ። ተጭበርብሮ ነው ካልተባለ ባሌ አምስት ዓመት ነው የሚፈረድበት... ወንድም ጋሼ?»

«እሰማሻለሁ።»

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መሰከርኩ።

«መካኒኩ ሁለት ጊዜ የተበላሸ ዕቃ ሸጦለታል» አልኩ።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «በምን አወቅህ?»

«በመጽሐፍ ፈትሼ።»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም ትንሽ ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

አባ ጸጥታ የፊት ወንበር ላይ ነበር፣ እጁ በነጭ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ቤት ወስዳችሁ ምን ታደርጉታላችሁ ብሎ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። መልሱን ከኔ የጠበቀ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ማን እንደምመስል ገባኝ...

አማቼ በቁጣ ተነሣስቶ ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ተፈረደበት። እህቴ እጄን ሳመች። የአባ ጸጥታ ጋራዥ ለኪራይ እንደቀረበ ደጅ ላይ ሲወራ ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መጽሐፉን ወደ ቦታው መለስኩት። ከኋላው ቢላዋው አለ። ንጹሕ ነው። ወጥ ቤት አስቀመጥኩት፤ እህቴ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም።

ከዚያ ተመልሼ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። የታተመው ታክሲዋ ከመሠራቷ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው።