በሁለትና በአምስት መካከል

ለታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ሕመምስ ቀለል አለልሽ? የኦዴንሰ ከተማ ሰው ሁሉ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል፤ እኔ ግን ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ ከቤት አልወጣሁም። ባለቤቴ ሞንስ፣ «ደውዪላትና የሆድሽን ተናገሪያት» ይለኛል። በስልክ አፌ አይፈታልኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሴት፣ ንዴቴን እንኳ ጽፌ ካላየሁት አላምነውም።

ያን ማክሰኞ መቼም አትረሺውም። አለቃችን ፕሬበን ሁለታችንንም ሲያስጠራን፣ የመድኃኒት ፋብሪካው ሰዎች የሕፃናት ሽሮፕ መመሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር መባል የነበረበት ሃያ አምስት ሆኖ ነው ከእኛ እርማት ቢሮ የሄደላቸው። በዕድሜ የገፉ አንዲት ፋርማሲስታቸው ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ባያዩት ኖሮ፣ እናት በገዛ እጇ እየለካች ልጇን ትመርዝ ነበር።

ፕሬበን እኔን አየና፣ «መጀመሪያ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ይቺ ነጥብ እንዴት አመለጠችሽ?» አለኝ።

ምልክት እንዳደረግኩባት እርግጠኛ ነበርኩ። ወደ አንቺ ዞርኩ፤ እርማቴ መግባቱን አይተሽ በመጨረሻ የምትፈርሚው አንቺ ነሻ። አንቺ ግን እንዳቀረቀርሽ፣ «እሷ ያረመችውን ሁሉ አስገብቻለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም» አልሽ። ያረምኩበት ወረቀት የታለ ሲባልም፣ «እንጃ፣ ተጥሎ ይሆናል» አልሽ።

በማግስቱ ከሥራ ተባርሬ ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ስወጣ መስኮቱ ጋ ቆመሽ ነበር። እጅሽን እንኳ አላነሳሽልኝም። ሰው ሰውን ይክዳል፣ አውቃለሁ። እኛ ግን እናታችን የሞተች ዕለት አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈን ያደርን ነን።

ባለፈው ሐሙስ የቢሮው ጸሐፊ ቢርጊት ቤቴ መጣች። ከመሳቢያሽ ያገኘችውን ወረቀት ሰጠችኝና፣ «እኔ አልሰጠሁሽም፣ እሺ?» ብላ የቀዳሁላትን ቡና እንኳ ሳትጨርስ ሄደች። ያው ወረቀት ነው። በሁለቱና በአምስቱ መካከል፣ በቀጭን እርሳስ፣ ነጥቤ አለች።

ደሜ ፈላ። ፕሬበን ፊት ልዘረጋው ኮቴን ለበስኩ። በሩን ከፍቼ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቀድደሽ መጣል ስትችዪ ለምን አስቀመጥሽው? ከዓመት ወዲህ፣ «አንቺ አንብቢልኝ፣ ስሕተት መያዝ በጆሮዬ ነው የሚቀለኝ» ትዪኝ ነበር። መኪናሽን ሸጠሽ፣ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አልሽ፤ በዚያ ጉልበት። በፋሲካ ምሳ ላይ የሞንስን ወንድም ሞንስ ብለሽ ስታቅፊው ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ያን ሁሉ ሳስታውስ ኮቴን አወለቅኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የዓይንሽን ነገር ብትነግሪኝ ኖሮ ከጎንሽ ተቀምጬ፣ እያነበብኩልሽ፣ ጡረታሽ ድረስ በሸኘሁሽ ነበር። ማንም ሳያውቅ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው። ሥራዬማ ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል። እኔን ከባዕድ ቆጥረሽ መደበቅሽ ነው ያንገበገበኝ፤ ከዚያም አልፈሽ ለመደበቂያ እኔኑ መጋረጃ አደረግሽኝ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም። ቢርጊት እንዳለችኝ የልብ ሕመምተኞች መድኃኒት መመሪያ አሁን ጠረጴዛሽ ላይ ነው። እባክሽ እህቴ፣ አትፈርሚበት። እስከ ዓርብ ድረስ ለፕሬበን ራስሽ ንገሪው። ዝም ካልሽ እኔ እነግረዋለሁ፤ በእጄ ማስረጃ ባይኖርም፣ ባያምነኝም እነግረዋለሁ። ሐኪም ቤት መሄድ ከፈለግሽ ግን ዛሬም ቢሆን አብሬሽ እሄዳለሁ። ኮሪደሩ ላይ አብሬሽ ለመቀመጥ መታረቅ አያስፈልገንም።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ እውነቱን የምትናገሪበትንም ጉልበት አይንሳሽ።

ደብዳቤው ዘጠኝ ገጽ የሆነው ነገር በዝቶብኝ አይደለም። ማንንም አንብቡልኝ ሳትዪ ብቻሽን እንድትጨርሺው ብዬ፣ በወፍራም ብዕር ፊደሉን አተለቅኩት።

ታናሽሽ